የፊትዝጄራልድ መርከብና በሐይቅ የቀሩት 29 ሰዎች

እንጀራ ፍለጋ ከቤቱ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ ደጅ ደጁን መመልከት የቤተ ሰብ ሁሉ ልማድ ነው። ገበሬው ከእርሻው፥ ነጋዴው ከመንገዱ፥ ወታደሩ ከዘመቻው እስኪገባ ድረስ እሳቱ አይጠፋም፤ ድርሻውም ከመሶቡ አይነሣም። መርከበኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሥጋት የሚጠበቅ ሰው ነው። የሚሄድበት መንገድ ዱካ የማይዝ ስለ ሆነ፥ የቀረ እንደ ሆነ ወዴት እንደ ቀረ የሚያሳይ ምልክት አይገኝም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ በሰሜን አሜሪካ በሚገኝ አንድ ታላቅ ሐይቅ ላይ በአንድ ምሽት ከነጭነቷና ከነሰዎቿ ስለ ጠፋች መርከብ፥ ይልቁንም የሞቱባቸውን ዐፈር ሳያለብሱ ስለ ቀሩት ቤተ ሰቦች ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ባሕር የሚያህል ሐይቅ

በአሜሪካና በካናዳ ወሰን አካባቢ ሱፒሪየር፥ ሚሺጋን፥ ሂዩሮን፥ ኢሪና ኦንታሪዮ የሚባሉ አምስት ታላላቅ ሐይቆች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሱፒሪየር 82,100 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ርዝመቱ 560 ኪሎሜትር፥ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራው 406 ሜትር ነው። በዓለም ካሉት ጨው አልባ ሐይቆች መካከል በስፋት አንደኛ ተብሎ ይቈጠራል። በመካከሉ ያለ መርከበኛ በየትም በኩል ቢመለከት ከውኃና ከሰማይ በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ ስለዚህ ስሙ ሐይቅ ይባል እንጂ ነገሩ ባሕር ነው። ሞገዱም ከውቅያኖስ ሞገድ ይልቅ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ፥ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ስለሚደርስ፥ ረዥም መርከብን ያለ ዕረፍት ያናውጻል።

በዚህ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከወሮች ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ፈረንጆች ኖቬምበር የሚሉትን ነው። ይህ ወር በእኛ አቈጣጠር የጥቅምትን መጨረሻና አብዛኛውን የኅዳር ክፍል ይይዛል። በዚያ ጊዜ ውኃው በበጋ የሰበሰበውን ሙቀት ገና አልጨረሰም፤ ከሰሜን የሚወርደው አየር ግን በረዶ የያዘ ነው። እነዚህ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ድንገተኛና እጅግ ብርቱ የሆነ ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። በ1913 በዚሁ ወር ለአራት ቀን ያህል በነፈሰው ዐውሎ ነፋስ 12 መርከቦች ሰጥመው ከ250 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። በ1958 ካርል ብራድሌይ የተባለች መርከብ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ተሰብራ ከ35 ሰዎቿ 33ቱ ሞቱ። በ1966 ደግሞ ዳንኤል ሞረል የተባለችው በሂዩሮን ሐይቅ ላይ ለሁለት ተከፍላ ከ29 ሰዎች አንድ ብቻ ተረፈ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያው በኖቬምበር ወር ነው።

ሰዎች ይህን እያወቁ በዚያ ወር የሚጓዙበት ምክንያት አለ። ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በሚኒሶታ አገር ምድር ውስጥ ብዙ የብረት ማዕድን ይገኛል። ብረቱ የሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች ግን በታችኞቹ ሐይቆች ዳር፥ በዲትሮይትና በቶሊዶ፥ በሌሎችም ከተሞች አጠገብ ናቸው። ማዕድኑን በርካሽ ዋጋ ከዚያ ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ ሐይቁ ነው። ክረምቱ በጸና ጊዜ ግን ውኃው በበረዶ ስለሚዘጋ መርከቦች ሥራቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ መንገዱ ሳይዘጋ አንድ ጭነት፥ ደግሞም አንድ ጭነት ለማድረስ ይጣደፋሉ።

የመርከቢቱ ልደት

ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለችው መርከብ በሚሺጋን አገር በሪቨር ሩዥ የመርከብ መሥሪያ የተጀመረችው በ1957 ነው። ያሠራት በሚልዎኪ ከተማ የሚገኝ ኖርዝዌስተርን ሚውቹዋል የተባለ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ነበረ። ስሟም የተሰጠው ለኩባንያው አለቃ ክብር ነው። የእኒህ ሰው አያት ራሳቸው የሐይቅ መርከብ አዛዥ የነበሩ ሲሆን፥ አባታቸው ደግሞ የመርከብ ማደሻ ባለቤት ነበሩ፤ ስለዚህ ስሙ ከሐይቁ ጋራ የቆየ ዝምድና ነበረው። የመርከቢቱ ርዝመት 222 ሜትር፥ ወርዷ 23 ሜትር ሆኖ፥ 26,000 ቶን ያህል ለመሸከም ትችል ነበረ። በተሠራችበት ጊዜ በእነዚያ ሐይቆች ላይ በትልቅነት የሚወዳደራት አልነበረም።

ጁን 7 ቀን 1958 ወደ ውኃ በወረደች ጊዜ ከ15,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሊመለከት ተሰብስቦ ነበረ። እንደ መርከበኞች ልማድ የሻምፓኝ ጠርሙስ በአፍንጫዋ ላይ ሰብረው ስም እንዲያወጡላት የተጠሩት የአለቃው ባለቤት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ፊትዝጄራልድ ነበሩ። ጠርሙሱ ግን ሁለት ጊዜ ተመትቶ እንቢ ካለ በኋላ በሦስተኛው ተሰበረ። ከዚያም መርከቢቱን የያዙት እንጨቶች አልለቅ ብለው ከግማሽ ሰዓት በላይ አቈዩ። በመጨረሻ በጐኗ ወደ ውኃ ስትወርድ ያስነሣችው ማዕበል ተመልካቾቹን አረጠበ፤ ከተመልካቾችም አንዱ ሰው በዚያው ቀን ልቡ ቆሞ ሞተ። መርከቢቱ ከጠፋች በኋላ ብዙ ሰዎች ይህን ሁሉ እያነሡ የክፉ ዕድል ምልክት ነበረ ብለዋል። ነገር ግን ጠርሙሳቸው በመጀመሪያው ምት ተሰብሮ የሰጠሙ መርከቦች ስንት እንደ ሆኑ የቈጠረ ሰው የለም። ከመከራ በኋላ ምልክት መፈለግ ለሰው ልጅ ይቀልለዋል፤ ከመከራ በፊት ጥንቃቄ ማድረግ ግን ይከብደዋል።

ፊትዝጄራልድ ለ17 ዓመት በደኅና ሠራች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጭነት በማድረስ ስድስት ጊዜ ያህል ክብረ ወሰን ሰብራለች። ለኩባንያው እንግዶች የተዘጋጁት ክፍሎቿ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ የነበራቸው ስለ ነበሩ ከመልካም ሆቴል አያንሱም ይባል ነበረ። በ1960ዎቹ ዓመታት ያዘዟት ካፒቴን ፒተር ፑልሰር በጠባቡ ወንዝ በሚያልፉበት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ያሰሙ ነበረ፤ በቦዮቹም አጠገብ ለቆሙት ተመልካቾች ስለ መርከቢቱ በጨዋታ መልክ ያስረዱ ነበረ። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ወጥተው እጃቸውን የሚያወዛውዙላት፥ እንደ ጎረቤት የምትታወቅ መርከብ ሆና ነበረች።

ከ1972 ጀምሮ የመርከቢቱ አዛዥ ካፒቴን ኧርነስት ማክሶርሊ ነበሩ። በ1975 ዕድሜያቸው 63 ነበረ፤ አብዛኛውንም ዘመናቸውን በውኃ ላይ ያሳለፉ፥ ብዙ የማይናገሩና በሥራቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በታች 28 ሰዎች ነበሩ፤ ከሁሉ የሚያንሰው ወጣት 20 ዓመቱ ነበረ። የሚበዙት ከኦሃዮና ከዊስኮንሲን የመጡ ናቸው። መሪ፥ መካኒክ፥ ዘይት አቅራቢ፥ ወጥ ቤት፥ ዘበኛ፥ ገና ሥራ የሚማር ተማሪም ነበረባቸው። የዘወትሩ የወጥ ቤት አለቃ በሕመም ምክንያት በየብስ ስለ ቀረ፥ በዚያ ጉዞ በምትኩ የተሳፈረው ሌላ ሰው ነበረ። የአንዱ ሰው ሕመም መትረፊያው፥ የሌላው ሰው ጤና መጥፊያው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ጉዞ

በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1968 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 9 ቀን 1975፥ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሆን ፊትዝጄራልድ በዊስኮንሲን ካለው ከሱፒሪየር ወደብ ተነሣች። የጫነችው 26,116 ቶን ታኮናይት ነው። ታኮናይት ማለት የብረት ማዕድን ተፈጭቶና ከድንጋዩ ተለይቶ፥ እንደ ትንንሽ ኳስ ተድቦልቡሎ በእሳት የተጠበሰ ነው። ጉዞዋ በዲትሮይት አጠገብ ወዳለው የብረት ፋብሪካ ነበረ። አርተር አንደርሰን የተባለች ሌላ የማዕድን መርከብም ከሚኒሶታ ወደብ ተነሥታ ከኋላዋ ተከተለች። የዚችም አዛዥ ካፒቴን ጄሲ ኩፐር ይባሉ ነበረ።

በዚያ ቀን ምሽት የአየር ጠባይ መርማሪዎች ብርቱ ነፋስ እንደሚመጣ አስታወቁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ማስጠንቀቂያቸውን ከፍ አድርገው ዐውሎ ነፋስ ነው አሉ። ሁለቱ አዛዦች በራዲዮ ተነጋግረው፥ የካናዳ ተራራማ ዳርቻ ነፋሱን ይከልልናል በማለት፥ ከተለመደው መንገድ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብለው ለመሄድ ተስማሙ። ይህ የማስተዋል ምክር ነበረ። ነገር ግን በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሰሜን ምዕራብ መጣ፤ መርከቦቹም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረው ወደ ዋይትፊሽ ባሕረ ሰላጤ ሊገቡ ሲጓዙ፥ ሞገዱ ከረዥም ሜዳ እንደሚጋልብ ፈረሰኛ ከኋላቸው ደረሰባቸው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ግድም ካፒቴን ማክሶርሊ ለአንደርሰን መርከብ በራዲዮ አስታወቁ። የመርከቢቱ የአጥር ሽቦ ወድቋል፤ ሁለት የአየር መተንፈሻዎች ተበላሽተዋል፤ መርከቢቱም ወደ አንድ ጐን አዘንብላለች። ስለዚህ አንደርሰን እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን እንደሚቀንሱ ገልጸው፥ ወደ ባሕረ ሰላጤው እስኪገቡ ድረስ እንዳይለያቸው ለመኑ። ውኃ የሚያወጡት ፓምፖችም እየሠሩ መሆናቸውን ተናገሩ። ጥቂት ቈይቶ ሁለቱም ራዳሮቻቸው ተበላሹ። ራዳር ማለት በጨለማና በጭጋግ ውስጥ ዳርቻውንና ሌላውን መርከብ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ እርሱ የሌለው መርከበኛ በዚያ በረዶ ውስጥ እንደ ዕውር ነው። ከዚያ ወዲያ አንደርሰን ከኋላ ሆና መንገዱን በራዲዮ ትነግራቸው ጀመር።

መከራው በዚህ አላበቃም። በዋይትፊሽ ፖይንት ላይ መርከቦችን የሚመራው የመብራት ግንብ፥ የራዲዮ ምልክቱም ጭምር፥ በዐውሎ ነፋሱ ምክንያት ጠፍቶ ነበረ። ካፒቴን ማክሶርሊ በአካባቢው ያለች አንዲት የስዊድን መርከብ መብራቱን አይታ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ አላየችም። ለዚችው መርከብ መሪ፥ መርከባቸው ክፉኛ ማዘንበሏን፥ ውኃው በላይዋ ላይ እየፈሰሰ መሆኑንና በዘመናቸው ሁሉ ካዩት ከከፉት ሞገዶች አንዱ ይህ መሆኑን ነገሩ። ነፋሱ በብርታቱ ጊዜ በሰዓት ከ130 ኪሎሜትር በላይ ይሄድ ነበረ፤ የሞገዱም ከፍታ 8 ሜትር፥ አንዳንዱም እስከ 10 ሜትር ይደርስ ነበረ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን የአንደርሰን መርከብ ረዳት መሪ በራዲዮ ጠርቶ፥ ችግራችሁን እንዴት አደረጋችሁት ብሎ ጠየቀ። ካፒቴን ማክሶርሊም እየተቋቋምነው ነው ሲሉ መለሱ። ከዚህ በኋላ የፊትዝጄራልድን ድምፅ የሰማ ማንም የለም። ጥቂት ደቂቃዎች አልፈው በረዶው ጋብ ባለ ጊዜ፥ የሩቅ መርከቦች መብራት ይታይ ነበረ፤ በፊት ለፊት ሊታይ የሚገባው የፊትዝጄራልድ መብራት ግን አልነበረም። በራዳሩም ላይ ምልክቷ ጠፍቷል። የእርዳታ ጥሪ አልተሰማም። ወደ ባሕረ ሰላጤው መግቢያ ለመድረስ የቀራት 27 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነበረ።

ፍለጋ

ካፒቴን ኩፐር ወዲያው የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን ጠሩ። በዚያ ሌሊት በቅርብ የነበሩት የጠባቂዎቹ ጀልባዎች ትንንሾች ስለ ሆኑ ሞገዱን ሊቋቋሙ አይችሉም፤ ትልቋ መርከባቸው የምትገኘው በሐይቁ በሌላው ጫፍ በዱሉዝ ነበረ፤ ለመድረስም አንድ ቀን ያህል ፈጀባት። ስለዚህ ከመከራው ገና ወጥታ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የተጠለለችውን አንደርሰንን፥ ተመልሰሽ ፈልጊ ብለው ለመኗት።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ጥያቄ ክብደት አስተውል። ካፒቴን ኩፐር የራሳቸው ሰዎች ነበሩባቸው፤ የእነዚያም ሰዎች ሚስቶችና ልጆች በየቤታቸው ይጠብቋቸዋል። ያችን ታላቅ መርከብ የዋጠው ሐይቅ እርሳቸውን እንደማይውጥ ዋስ የሚሆን አልነበረም። መርከባቸውንም ወደ ሞገዱ ሲያዞሩ በጐኗ ሊገለብጣት ይችላል። ይህን ሥጋታቸውን ሳይደብቁ ተናግረው፥ ከዚያ በኋላ ተመለሱ። ዊልያም ክሌይ ፎርድ የተባለች ሌላ መርከብም ከተጠለለችበት ወጥታ በፍለጋው ተባበረቻት። ሌሊቱን ሁሉ ፈልገው ያገኙት የተሰባበረ የሕይወት ማዳኛ ጀልባና የዕቃ ስብርባሪ ብቻ ነው። ሰው፥ በሕይወት ያለም ሆነ የሞተ፥ አላገኙም።

ያን ሌሊት ሳይነጋ በዲትሮይት ከተማ የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ሪቻርድ ኢንጋልስ ወሬውን ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። የደወሉንም ገመድ ይዘው ስለ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ጊዜ፥ በጠቅላላው 29 ጊዜ፥ ደወሉ። የከተማው ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ መርዶው በደወል ተነገረ።

ኖቬምበር 14 ቀን አንድ የጦር አውሮፕላን በውኃ ሥር ያለ ብረት በሚያመለክት መሣሪያ የመርከቢቱን ስፍራ አገኘ። በ1976 በጸደይ ወራት ሰው የማይሳፈርበት የባሕር ሥር መመርመሪያ መኪና ወርዶ ፎቶግራፍ አነሣ። መርከቢቱ በ160 ሜትር ጥልቀት፥ በካናዳ ውኃ ውስጥ፥ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች። የፊቷ ክፍል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የኋላዋ ክፍል ግን ተገልብጦ ስለ ነበረ፥ ስሟ በፎቶግራፉ ላይ የተነበበው ወደ ታች ተዘቅዝቆ ነው። በሁለቱ መካከል 50 ሜትር ያህል ርቀት አለ፤ በዚያም የተበተነው የብረት ማዕድን ነበረ።

ለምን ሰጠመች?

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ መልስ አላገኘም። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ መርማሪዎች በ1977 ባወጡት መግለጫ፥ የጭነቱ ክፍል ክዳኖች በደንብ ስላልገጠሙ ውኃ ቀስ በቀስ ገብቶ መርከቢቱን አክብዷታል አሉ። ክዳኖቹ 21 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በ68 መቈለፊያዎች የሚታሰሩ ነበሩ። የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪ ጉባኤ ደግሞ በ1978፥ ብርቱ ሞገድ ክዳኖቹን ሰብሮ ውኃው በድንገት ሞላባት ሲል ፈረደ። የሐይቅ መርከብ ባለቤቶች ማኅበር ይህን አልተቀበለም፤ ካሪቡ በተባለችው ደሴት አጠገብ ባለው ጥልቀት በሌለው ስፍራ ሆዷ ድንጋይ ነክቶ ተቀዷል የሚል አሳብ አቀረበ። ካፒቴን ኩፐርም መርከቢቱ ወደዚያ ስፍራ እጅግ ቀርባ ማለፏን አምነው ነበረ። ሌሎች ደግሞ ረዥሙ አካሏ በሁለት ሞገዶች መካከል ተንጠልጥሎ በላይ ሳለ ተሰበረ ይላሉ።

በዚህ ክርክር መካከል ግን ሁሉም የሚያውቋቸው አንዳንድ ነገሮች አሉ። በመርከቢቱ የጭነት ክፍሎች መካከል ያሉት ግድግዳዎች ውኃ የሚያግዱ አልነበሩም፤ በአንዱ በኩል የገባ ውኃ ወደ ሁሉም ይደርሳል። የውኃውን ጥልቀት የሚለካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበራትም፤ የሚለኩት በገመድ ነበረ። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የጭነቱ ልክ ነው። መርከብ ምን ያህል ጭና ምን ያህል ወደ ውኃ ልትገባ እንደሚገባ በጐኗ ላይ የሚሳል ምልክት አለ። የፊትዝጄራልድ ምልክት በ1969፥ በ1971ና በ1973 በሕግ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ከፍ እየተደረገ፥ በክረምት ወራት በ1958 ከተፈቀደላት በላይ አንድ ሜትር ያህል ጠልቃ እንድትጓዝ ሆኗል። እያንዳንዱ ጭማሪ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ለኩባንያው ግን በየጉዞው ብዙ ቶን ትርፍ አለበት። ሦስቱ በተደመሩ ጊዜ ግን የመርከቢቱ ደረት ወደ ሞገዱ በአንድ ሜትር ዝቅ አለ። ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንድ ታላቅ ስሕተት ሳይሆን ማንም በማይቃወማቸው በትንንሽ ፈቃዶች ነው።

እየተቋቋምነው ነው የሚለውን የካፒቴን ማክሶርሊን ቃልም ብዙዎች መርምረውታል። አንዳንዶች የመርከቢቱን እውነተኛ ጉዳት አላወቁም ነበረ ይላሉ፤ ሌሎችም ሰዎቻቸውን ላለማስደንገጥ ነው ይላሉ። የሚሻለው ቃሉን እንደ ተነገረ መቀበል ይመስለናል። ሰውየው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ችግራቸውን አልሸሸጉም፤ ጓደኛ መርከብ እንዳይለያቸው ለምነዋል፤ ጥያቄ ለጠየቃቸውም በእርጋታ መልሰዋል። ከዚህ የሚበልጥ ከአንድ አለቃ አይጠበቅም።

ያለ መቃብር የቀረ ኀዘን

የሱፒሪየር ሐይቅ ጥልቅ ውኃ በበጋም ሆነ በክረምት እጅግ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ፥ በውስጡ የሞተ ሰው አስከሬን እንደ ሌላው ውኃ ተመልሶ ወደ ላይ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ከ29ኙ ሰዎች አንድ እንኳ ለቤተ ሰቡ አልተመለሰም። አስከሬን ያላየ ሰው ሞትን በጆሮው ይሰማል እንጂ በልቡ አይቀበልም። ስልክ በተደወለ ቍጥር፥ በር በተንኳኳ ቍጥር፥ ምናልባት በአንዱ ደሴት ተጥሎ ቈይቶ ይሆናል የሚል አሳብ ይነሣል። ቍርጥን አለማወቅ ኀዘንን ያረዝመዋል። እነዚያም እናቶችና ሚስቶች የሚያለቅሱበት መቃብር፥ ልጆቹም አበባ የሚያኖሩበት ድንጋይ አልነበራቸውም።

በ1976 ጎርደን ላይትፉት የተባለ የካናዳ ዘፋኝ ስለ መርከቢቱ ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑም በብዙ አገር ተሰማ። በዚህ ምክንያት ስሟ እንዳይረሳ ሆነ፤ ነገር ግን የስሟ መግነን ጠላቂዎችንና ፎቶግራፍ አንሺዎችን ጠራ። በ1994 ወደ ታች ከወረዱት ጉዞዎች በአንዱ፥ በመርከቢቱ ፊት አጠገብ የአንድ ሰው አስከሬን የሕይወት ማዳኛ ልብስ እንደ ለበሰ ተገኝቶ ፎቶግራፍ ተነሣ። ቤተ ሰቦቹ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ። ለሌላው ሰው ታሪክ የሆነው ነገር ለእነርሱ ገና አባት፥ ወንድምና ልጅ ነበረ። ያ ስፍራ መቃብር ነውና ይከበርልን ሲሉ ለመንግሥት አመለከቱ። ልመናቸውም በከንቱ አልቀረም፤ የኦንታሪዮ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ፥ ከ2006 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወደዚያ ስፍራ መጥለቅና በመሣሪያ መመርመር የተከለከለ ሆነ፤ የሚተላለፈውም እስከ አንድ ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ቤተ ሰቦቹ ራሳቸው ከዚያ ጥልቅ ውስጥ እንዲወጣላቸው የለመኑት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመርከቢቱ ደወል ነው። ደወል ለመርከብ እንደ ድምፅዋ ነው፤ ሰዓትን ይነግራል፤ በጭጋግ ውስጥም እዚህ ነኝ ይላል። ጁላይ 4 ቀን 1995 የሐይቆቹ የመርከብ ስብራት ታሪክ ማኅበር፥ የካናዳ ባሕር ኃይልና ሌሎችም ተባብረው፥ 90 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የነሐስ ደወል አወጡ። ወጪውን ለመርዳት የዚያ አገር ጥንታውያን ባላገሮች ከሆኑት ወገኖች አንዱ፥ የሱ ሴንት ማሪ ቺፐዋ ነገድ፥ ለተወሰደው ብድር በዋስነት ፈርሟል። በደወሉ ፈንታ የ29ኙ ሰዎች ስም የተቀረጸበት አዲስ ደወል ተሠርቶ ወደ ታች ወረደና በመርከቢቱ ላይ ተተከለ። እንግዲህ ድምፁ ወደ ሕያዋን ወጣ፤ ስሙ ወደ ሙታን ወረደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቤተ ሰቦቹ በዋይትፊሽ ፖይንት ተሰብስበው፥ የአንዱ ሰው ስም ሲጠራ ደወሉ አንድ ጊዜ እየተመታ፥ 29 ጊዜ ተደወለ። ሠላሳኛው ምት በእነዚያ ሐይቆች ላይ ለጠፉት ሁሉ ነበረ። ከመርከቢቱ መጥፋት 20 ዓመት ገደማ አልፎ ነበረ። ሕፃናት ሆነው አባታቸውን ያጡት አድገው፥ ሌሎቹም ሸብተው ነበረ። ለብዙዎቹ የቀብር ቀን ያህል የሆነላቸው ያ ቀን ነው። ደወሉ ዛሬ በዚያው ባለው የመርከብ ስብራት ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።

ደግሞም በየዓመቱ ኖቬምበር 10 ቀን በሚኒሶታ ዳርቻ ባለው በስፕሊት ሮክ የመብራት ግንብ የ29ኙ ስም ይነበባል፤ ደወል ይደወላል፤ መብራቱም ይበራል። ይህ ግንብ ራሱ የተሠራው በ1905 በዚሁ ወር ብዙ መርከቦች በዐውሎ ነፋስ ከተሰበሩ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዘፋኙ ላይትፉት በ2023 በሞተ ጊዜ የዲትሮይቱ ቤተ ክርስቲያን ደወሉን 30 ጊዜ ደወለ፤ 29ኙ ለመርከበኞቹ፥ አንዱ ለእርሱ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ከፊትዝጄራልድ መጥፋት በኋላ ሕጉ ብዙ ተሻሻለ። ታላላቅ መርከቦች የውኃ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ እንዲይዙ፥ መርከቢቱ የሰጠመች እንደ ሆነ ስፍራዋን በራዲዮ የሚያመለክት መሣሪያ እንዲኖራቸው፥ ለእያንዳንዱም ሰው ከብርድ የሚያድን ልብስ በመኝታውና በሥራው ስፍራ እንዲቀመጥለት ታዘዘ። የዐውሎ ነፋሱ ወር ሳይገባ የክዳኖቹ ምርመራ ይደረጋል፤ አዛዦችም ክፉ አየር እንደሚመጣ በተነገረ ጊዜ ከወደብ አለመውጣትን እንደ ነውር አይቈጥሩትም። ከ1975 ወዲህ በእነዚያ ሐይቆች ላይ እንደ እርሷ ያለ ታላቅ የጭነት መርከብ ሰጥሞ አያውቅም። የ29ኙ ሰዎች ሞት የብዙዎች መዳኛ ሆኗል ማለት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ከእነርሱ ሞት በፊትም ሊደረግ ይችል ነበረ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህ ምሳሌ ለመርከብ ብቻ የተነገረ አይደለም። ቤትን የሚያስተዳድር፥ መሥሪያ ቤትን የሚመራ፥ ሠራተኛን ወደ ሩቅ ስፍራ የሚልክ ሰው ሁሉ፥ ዛሬ ትንሽ ብትጨመር ምን ይሆናል ብሎ የሚፈቅዳት ፈቃድ በክፉ ቀን በማን ትከሻ ላይ እንደምትወድቅ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። የምናርስበት ማረሻ፥ የምንቆርጥበት ቢላዋ፥ የምንሄድበት መኪና ሁሉ ከብረት የተሠራ ነው። ብረቱም ከምድር ወጥቶ ከእሳት እስኪገባ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅ አልፏል። ከእነዚያም መካከል ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ አሉ። ስማቸውን ባናውቅ እንኳ፥ ድካማቸውን ማወቅ፥ የሚጠብቋቸውንም ቤተ ሰቦች ማሰብ የደግ ሰው ሥራ ነው።